ሐዘንተኛና ቢስክሌት

ልጁን ከቀበረ ገና ሁለት ወር ያህል የሆነው አባት፥ ያውም ጠጕሩ የነጣ ሽማግሌ፥ በሰው ፊት እንደ ሕፃን ሲጫወት ቢታይ ጎረቤቱ ምን ይለዋል? ልቡ ደንዳና ነው የሚል አይጠፋም፤ ሐዘን አእምሮውን ነሥቶታል የሚልም ይኖራል፤ የሚበዛው ሰው ግን አፉን በነጠላው ሸፍኖ፥ «እንዲያው ለወጉ እንኳ ጥቂት ቢቀመጥ ምን ነበረበት» እያለ ያንሾካሹካል። በዚህ በሦስተኛው ሰው ነገር ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል። ይኸውም፥ በመከራ ጊዜ መጽናት ማለት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው ወይስ ሌላ ነገር? የሚል ነው።

ይህ ነገር ለምሳሌ ያህል ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በሞስኮ ከተማ በ1895 ዓመት በእውነት የሆነ ነው፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር የታወቀው የሩሲያ ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ፥ በቤት ስሙ ቫኒችካ የሚባለውን ታናሹን ልጁን ኢቫንን በስካርላቲና በሽታ አጣ። ሕፃኑ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ ሶፊያ ከወለደቻቸው ከ13 ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነበረ፤ አባቱም ከእኔ በኋላ ሥራዬን የሚቀጥልልኝ ይህ ነው ብሎ ተስፋውን የጣለው በእርሱ ላይ ነበረ። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ፥ ሐዘንተኛው አባት በሞስኮ ማኔጅ ወደሚባለው ትልቅ የፈረስ መጋለቢያ አዳራሽ ሄዶ ቢስክሌት መንዳት መማር ጀመረ። ዕድሜው 67ኛውን ዓመት ይዞ ነበር።

(ይህ ሰው ኋላ በ1901 ዓመት የሩሲያ ቅዱስ ሲኖዶስ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት የለየው ነው፤ በሃይማኖት ነገር የጻፈውንም ማንም ክርስቲያን ይከተለው ዘንድ አይገባም። እዚህ የሚነሣው ግን ትምህርቱ አይደለም። ልጅ የሞተበት አባት መሆኑ ነው፤ በዚህስ ከማንም ሰው አይለይም።)

ከወዳጆቹ አንዱ ይህን ባየ ጊዜ ቅር ተሰኘ፥ ነቀፈውም። ነቃፊውን ክፉ ሰው ነው ማለት አይገባም። ቶልስቶይ የሀብታሞችን ተድላና መዝናኛ ሲዘልፍ፥ ሰው በላቡ ወዝ ይብላ እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው መምህር በዚያ ዘመን የሀብታሞች መጫወቻ በነበረው በቢስክሌት ላይ ተቀምጦ ሲዞር ማየት ለደቀ መዝሙር ሁሉ የሚያሳፍር ነው። ደራሲው ግን በዕለት ማስታወሻው ላይ ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፥ ይህ ጨዋታ ለምን ደስ እንደሚያሰኘው እርሱም ራሱ እንደማያውቅ፥ ነገር ግን እንደማያፍርበት፥ እንደ ልጅ ባለ ቅን ደስታ ለእርሱም ድርሻ እንዳለው ገለጸ። የልጁን ስም በዚያ ነገር ውስጥ አላገባውም። ምናልባት ሊያገባው አልቻለም ይሆናል።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ሌላ ታሪክ ያሳስበዋል። ንጉሥ ዳዊት ሕፃኑ ታሞ ሳለ ሰባት ቀን በምድር ላይ ተኝቶ ጾመ፥ አለቀሰም፤ ሕፃኑ በሞተ ጊዜ ግን ተነሣ፥ ታጠበ፥ ተቀባ፥ ልብሱን ለወጠ፥ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፥ ከዚያም እንጀራ አስመጥቶ በላ። ሎሌዎቹ ተደናገጡ፤ ነገሩ ተገለበጠባቸው። ለሕያው ያለቀሰ ሰው ለሙት እንዴት አያለቅስም ብለው ጠየቁት። የሰው ልብ ከዚያን ዘመን እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ሐዘንተኛው እርሱ ባሰበለት ተራ ካላዘነለት ሐዘኑን አያምንለትም።

ዳሩ ግን ዳዊት የተነሣው ለስግደትና እህል ለመቅመስ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፥ ነገሩ እውነት ነው፤ በዳዊት ታሪክ ብቻ የሞስኮውን ሽማግሌ ነጻ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ወደ መሣሪያው ወደ ራሱ መመለስና ቢስክሌት ሰውን ምን እንደሚያደርገው መመርመር ይሻላል።

የቢስክሌት ዕድሜ ገና ከሁለት መቶ ዓመት ጥቂት ያለፈ ነው። በ1817 ዓመት ካርል ድራይስ የተባለ የጀርመን መኰንንት ልጅ በማንሃይም ከተማ በሁለት የእንጨት መንኰራኵር ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ሄደ፤ ፔዳል የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ በፈረንሳይ አገር ነው። በ1885 ዓመት ጆን ስታርሊ በእንግሊዝ በኮቨንትሪ ከተማ ሁለት ጎማዎቹ በመጠን የተቀራረቡትን፥ ካቴናው የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ቢስክሌት ሠራ። በ1888 ዓመት ደግሞ ደንሎፕ የተባለው የከብት ሐኪም በቤልፋስት ለልጁ መጫወቻ ብሎ በአየር የተነፋ ጎማ አበጀ። እንግዲህ ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ቢስክሌት በዋናው ነገሩ ቶልስቶይ የተማረበቱ ነው።

ይህ መሣሪያ ቆሞ ሳለ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ግድግዳ ካላስደገፉት ይወድቃል። የሚቆመው ሲሄድ ብቻ ነው። ሲሄድ ስለ ምን እንደሚቆም ግን የሚነዱት ሰዎች ብዙዎቹ አያውቁትም፥ ቢጠየቁም ተሳስተው ይመልሳሉ። ጀማሪ ሰው ሰውነቱ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምር ይደነግጥና መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ከውድቀት መሸሹ ነው። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ከሥሩ ወጥተው ወደ ቀኝ ያመልጣሉ፥ እርሱም ወደ ግራ ይዘረጋል። የለመደ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል መሪውን ወደ ግራ፥ ወደሚወድቅበት ወገን፥ ጥቂት ያዞረዋል፤ ጎማዎቹም ተመልሰው ከሰውነቱ በታች ይገቡና ያነሡታል። ከዚያ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፥ ወደ ቀኝም ያዞራል። ጐበዝ ነጂ በለስላሳ አቧራ ላይ ያለፈበት ዱካ ቢመረመር ከቶ ቀጥ ያለ መሥመር አይደለም፤ ወዲያና ወዲህ የሚል ነው። በተመልካች ዐይን ፊት ቀጥ ብሎ የሄደው ሰው፥ በእውነቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲወድቅና ሲነሣ ነው የሄደው።

ቢስክሌትን የሚያቆመው የጎማው መሽከርከር ብቻ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በ1970 ዓመት ዴቪድ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚያ ሊቅ ይህን ሊፈትን ፈለገና በፊተኛው ጎማ አጠገብ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ሌላ ጎማ አበጅቶ የመሽከርከሩን ኀይል አጠፋው፤ ቢስክሌቱ ግን ተነዳ። በ2011 ዓመትም የኔዘርላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ነጂ የሌለበት ልዩ መሣሪያ ሠርተው፥ የጎማው መሽከርከር ሳይረዳው ራሱን ጠብቆ ሲሄድ አሳዩ። መሣሪያው መውደቅ ሲጀምር መሪው በራሱ ወደ ውድቀቱ ወገን ይዞር ነበርና።

ከዚህ በኋላ የፊተኛው ጥያቄ መልኩ ይለወጣል። ጽናትን በዓለት መመሰል የተለመደ ነው፤ ማዕበል ይመታዋል፥ አይነቃነቅም ይባላል። ዓለት ግን ልጅ ሞቶበት አያውቅም። ልብ ያለው ሰው ሁለት መንኰራኵር ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አለመንቀሳቀስ ለእርሱ መውደቅ ነው። ከሐዘኑም ሲሸሽ፥ ስሙን ላለመስማት የሟቹን ልብስና ሥዕል ሲደብቅ፥ ሰው እንዳያነሣበት ወሬውን ሲያቋርጥ፥ መሪውን ከውድቀቱ ወደ ሌላ ወገን እንዳዞረ ጀማሪ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ባላሰበው ቀን፥ የሌላ ሰው ልጅ ሲስቅ ሰምቶ፥ ተዘርግቶ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን ነገር በቢስክሌት ከመማሩ በፊት በልቅሶ ቤት ያውቀዋል። ሐዘን በደረሰበት ቤት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የሟቹን ስም ይጠራል፥ አልቃሽም ካለች መልኩንና ሥራውን እያነሣች ታስለቅሳለች፤ ሐዘንተኛው እንዲረሳ አይደረግም፥ ወደሚወድቅበት ወገን እንዲዞር ይደረጋል እንጂ። ዳሩ ግን በዚያው ተኝቶ አይቀርም። ሠልስት ይመጣል፤ ሰባት ይመጣል፤ አርባና ሰማንያ ይመጣል፤ ከዚያም መንፈቅ፥ ከዚያም ሙት ዓመት። የእነዚህ ቀኖች አካሄድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ መጀመሪያ ተቀራርበው ይመጣሉ፥ እየቈዩም ይራራቃሉ። ይህን ሥርዐት የደነገጉ አባቶች ቢስክሌት አላዩም፤ ነገር ግን ሐዘንተኛ በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እያዘነበለ ቶሎ ቶሎ መቃናት እንደሚያስፈልገው፥ ኋላም መወዛወዙ እያነሰ እንደሚሄድ አወቁ። በአርባው ቀን እንደ መጀመሪያው ቀን ጩኹ ብሎ ያዘዘ የለም።

ከቶልስቶይ ጥቂት ቀደም ብሎ በዚሁ መሣሪያ የተማረች ሌላ ሐዘንተኛ ነበረች። ፍራንሲስ ዊላርድ የምትባለው አሜሪካዊት ከ1879 ዓመት ጀምሮ የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር መሪ ሆና የኖረች፥ በአገሯ እጅግ የታወቀች ሴት ናት። በ1892 ዓመት እናቷ ሞተችባት፤ ጤናዋም በሥራ ብዛት ደክሞ ነበር። በእንግሊዝ አገር በወዳጇ ቤት ስትቀመጥ በ53 ዓመቷ ቢስክሌት ለመማር ተነሣች፤ እንዴት እንደ ተማረችም በ1895 ዓመት በትንሽ መጽሐፍ አሳትማ አወጣች፤ የመጽሐፉንም ስም ነቢዩ ሕዝቅኤል ካየው ራእይ ወስዳ በመንኰራኵር ውስጥ ያለ መንኰራኵር አለችው። ለመማሯ ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ ደስ የሚል ነው፤ ብዙ ሰዎች በዚህ ዕድሜሽ አይሆንልሽም ስላሏት ነው።

በመጀመሪያ ቀን ሦስት ብርቱዎች የእንግሊዝ ጐበዛዝት መሣሪያውን ይዘውላት እየፈራች ኮርቻው ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያህል ብቻ እየሞከረች ሦስት ወር ያህል ፈጀች። ስትማር የሄደችበት ተራ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፔዳሉን መርገጥ፥ ሁለተኛ መዞር፥ ሦስተኛ መውረድ፥ በመጨረሻም ያለ ረዳት መውጣት። መውረድ ከመውጣት ቀድሞ መማሩ ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ ላለው ሰው ብዙ ነገር ይገልጽለታል። ሐዘንተኛን ተነሥ፥ በርታ፥ ሰው ሁን የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሲደክመው ወርዶ የሚቀመጥበትን፥ ሳያፍር የሚያለቅስበትን ስፍራ የሚያሳዩት ጥቂቶች ናቸው። መውረድ የማያውቅ ሰው ለመውጣት ይፈራል፤ ደግሞም ፍርሃቱ ትክክል ነው።

ስለ ሦስቱ ጐበዛዝትም አንድ ነገር መናገር ይገባል። የጀማሪን ኮርቻ የሚይዝ ሰው ሥራው ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ቶሎ ቢለቀው ያሰብረዋል፤ ከቶ ባይለቀው ደግሞ ተማሪው ሚዛኑን ከያዡ እጅ እንጂ ከራሱ ሰውነት አያገኘውም። በቃል ማስተማርም አይቻልም፤ ስለ መሪውና ስለ ማዘንበሉ ከላይ የተጻፈውን ሁሉ በቃሉ ያጠና ሰው በመጀመሪያው ቀን እንደ ማንም ይወድቃል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በአጠገቡ በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም ያዦች ነበሩ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ማስረዳት የጀመሩ ዕለት ነው።

ዊላርድ ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረችም፤ በ1898 ዓመት በ58 ዓመቷ አረፈች። ቢስክሌት ዕድሜ ይጨምራል ብሎ የሚሰብክ ሰው ቢኖር በእርሷ አይመስክር። ያተረፈችው ነገር ቢኖር፥ እናቷ ከሞተች በኋላ በነበሩት ዓመታት በገዛ ሰውነቷ አዲስ ነገር መማሯ ነው።

አሁንም የቀረ ክርክር አለ፤ እርሱም ቀላል አይደለም። ጨዋታ ሁሉ ማስረሻ ነው፤ ሙትን መርሳትም ሙትን ሁለተኛ መቅበር ነው ይባላል። ማስረሻ የሚሆን ጨዋታ መኖሩ አይካድም። ሐዘኑን በመጠጥ የሚያሰጥም ሰው ሐዘኑም እርሱም አብረው ይሰጥማሉ። ዳሩ ግን የሰከረ ሰው ቢስክሌት መንዳት አይሆንለትም፤ ይህ መሣሪያ ያለውን አእምሮ ሁሉ፥ ያለውን ዐይን ሁሉ ይጠይቃል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰውየው ስለ ትናንትም ስለ ነገም ማሰብ አይችልም፤ ከፊቱ ስላለው ሦስትና አራት ክንድ መሬት ብቻ ያስባል። ይህ መርሳት ነው ወይስ ማረፍ? ሸክም ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው በመንገድ ላይ ካለው ድንጋይ ሸክሙን አስደግፎ ትንፋሹን ሲመልስ ሸክሙን ጣለ አይባልም። ሲነሣ ሸክሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ትንፋሹ ነው።

ይህም ሆኖ የሞስኮው ታሪክ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ሶፊያ፥ የሕፃኑ እናት፥ በልጇ ሞት እጅግ ተሰብራ ነበር፤ ቢስክሌት አልጠቀማትም። እርሷ ያገኘችው መደገፊያ ሙዚቃ ነው። ሰርጌይ ታኔዬቭ የተባለው የሙዚቃ ሊቅ በ1895 እና በ1896 በበጋው ወራት ያስናያ ፖልያና በሚባለው ርስታቸው እንግዳ ሆኖ ተቀመጠ፤ ፒያኖውን ሲመታ በሰማች ጊዜ ከቫኒችካ ሞት ወዲህ ያልቀመሰችው ዕረፍት መጣላት። ሙዚቃውን ደጋግማ ለመስማት ፈለገች፤ ሙዚቃውን ከሚጫወተው ሰው ጋርም ልቧ ተጣበቀ። ቶልስቶይ ይህን ሊታገሥ አልቻለም። ቅናት ያዘው፤ በቤቱም ለብዙ ጊዜ ጠብና እንባ ሆነ። ለራሱ እንደ ልጅ ባለ ደስታ ድርሻ አለኝ ያለው ሰው፥ ነቃፊውንም ከቁም ነገር ያልቈጠረው ሰው፥ የሚስቱን ድርሻ ለመስጠት እጁ አጠረ።

ቢስክሌትና እንግዳ ሰው አንድ አይደሉም፥ ባል ስለ ሚስቱ መቅናቱ የራሱ ሕግ አለው የሚል ይኖራል፤ ይህም ከንቱ ነገር አይደለም። የሶፊያም ነገር ሁሉ የተመሰገነ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከቅናቱ በፊት፥ የቅናቱም ሥር ሆኖ፥ አንድ ሌላ ስሕተት ይታያል። በአንድ ሞት ያዘኑ ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን አያዘነብሉም። ባልየው ወደ ዝምታና ወደ ሰውነት ድካም አዘነበለ፤ ሚስትየዋ ወደ ድምፅና ወደ እንባ። በአንድ ቢስክሌት ላይ እንደ ተቀመጡ ሁሉ፥ እያንዳንዱ ሌላው እርሱ ባዘነበለበት ወገን መሪውን እንዲያዞር ፈለገ። ሶፊያም ብትሆን ባልዋ በቢስክሌት ሲዞር ባየች ጊዜ ልቧ ምን እንዳላት ማን ያውቃል? ልጅ በሞተበት ቤት ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚካሰሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ አንተ አላዘንህም፥ አንቺ አትጽናኚም ይባባላሉ። ጎረቤት ከሚያንሾካሹከው ይልቅ ይህ በቤት ውስጥ የሚነገረው ይከብዳል፤ ሁለቱም ሲወድቁ ሁለተኛው ያላየውን አይተዋልና።

ቶልስቶይ በርስቱ መንገዶች ላይ ቢስክሌት መንዳቱን ቀጠለ፤ ፈረስ መጋለብና በእግር መሄድም አልተወም፤ እስከ 1910 ዓመት ድረስም ኖረ። ቫኒችካ የሞተበት በሞስኮ ሃሞቭኒኪ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ከ1921 ዓመት ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኗል። ከእንጨት የተሠራ፥ ብዙ ጌጥ የሌለው ቤት ነው። ጎብኚ በታችኛው ደርብ የሕፃኑን ክፍል ትንሽ አልጋውንና መጫወቻዎቹን ያያል፤ ደረጃውን ወጥቶ ወደ አባቱ የሥራ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ቢስክሌቱ በግድግዳ ተደግፎ ይታየዋል።